ለዲዛይን የሚሆን ከባድ ዝናብ፦ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ሥራ?

ድልድይ፣ ከልቨርት (ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ ቱቦ ወይም ሳጥን)፣ የከተማ ጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ወይም ግድብ የሚነድፍ መሐንዲስ ከሃይድሮሎጂ ባለሙያው የሚጠብቀው አንድ ቁጥር ነው፦ እዚህ ቦታ ላይ የ100 ዓመቱ የ24 ሰዓት ዝናብ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? እዚያ ቁጥር ላይ እስኪደረስ ግን ብዙ መንታ መንገድ አለ። የጣቢያ መረጃ ወይስ ሳተላይት? የየዓመቱን ከፍተኛ ዝናብ ብቻ ወይስ ከተወሰነ ወለል በላይ የሆነውን ሁሉ? እያንዳንዱን ጣቢያ ለብቻው ወይስ አካባቢውን በጋራ? ጉምበል ወይስ ሌላ የዕድል ስርጭት (የትኛው የዝናብ መጠን በምን ያህል ዕድል እንደሚደርስ የሚገልጽ ቀመር)?

በስብሰባም በሪፖርት ግምገማም ክርክሩ የሚጦዘው በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው። እኔ ግን ስርጭት መጨረሻ ላይ የሚመረጥ ነገር ነው ባይ ነኝ። መረጃው በወጉ ከጸዳና ጣቢያዎቹ በወጉ ከተቧደኑ የስርጭቱ ጥያቄ ግማሹ አብሮ ይመለሳል። ካልጸዳና ካልተቧደነ ደግሞ የትኛውም ስርጭት አያድንም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ንጽጽሮች የተቀመጡት በሥራው ቅደም ተከተል ነው።

ከግንባታው ዓይነት መነሳት

የ100 ዓመት ዝናብ ማለት በማንኛውም ዓመት 1 በመቶ የመድረስ ወይም የመታለፍ ዕድል ያለው ዝናብ ነው። «በመቶ ዓመት አንዴ» የሚለው አባባል ሰዎችን ያዘናጋል። ለ50 ዓመት እንዲያገለግል የታሰበ ድልድይ በዕድሜው ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የ100 ዓመቱ ዝናብ የሚደርስበት ዕድል 40 በመቶ ገደማ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 0.99ን ለ50 ጊዜ በራሱ አባዝቶ ውጤቱን ከ1 መቀነስ። ለ25 ዓመት የታሰበ ከልቨርት በ25 ዓመት ዝናብ ቢነደፍ ደግሞ ዕድሉ 64 በመቶ ይሆናል። ደንበኛው የመመለሻ ጊዜ (የ25 ዓመት ወይስ የ100 ዓመት ዝናብ የሚለውን) ከመምረጡ በፊት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ቢያይ ጥሩ ነው።

ትንተናው ምን ያህል መራቀቅ እንዳለበት የሚወስነው ይሄው የመመለሻ ጊዜ ነው። ለ5 ወይም ለ10 ዓመት ዝናብ፣ 25 ወይም 30 ዓመት ንጹህ መረጃ ያለው ቅርብ ጣቢያ ካለ ቀላሉ ዘዴ ይበቃል፤ ዘዴዎቹ ሁሉ ተቀራራቢ መልስ ነው የሚሰጡት። ለ50 እና ለ100 ዓመት ዝናብ የአንድ ጣቢያ መረጃ መንገዳገድ ይጀምራል፤ አካባቢውን በጋራ መተንተን የግድ ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲኬድ፣ ቢፈርስ ከታች ያለውን ሕዝብ የሚያጠፋ ግድብ ሲሆን፣ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። በብዙ አገሮች የእንዲህ ዓይነት ግድብ የትርፍ ውሃ ማስወገጃ የሚነደፈው ሊዘንብ ይችላል ተብሎ በሚገመተው ከፍተኛ ዝናብ (ፒኤምፒ) ነው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ጣቢያ፣ ሳተላይት ወይስ ሪአናሊሲስ

የጣቢያ መረጃ ጥንካሬው ግልጽ ነው፤ መሬት ላይ የወረደውን ውሃ በቀጥታ ይለካል፣ ብዙ ጊዜም ወደ ኋላ ረጅም ዓመት ይሄዳል። ድክመቱ ደግሞ ጣቢያዎች የተራራቁ መሆናቸውና መዝገቡ ውስጥ የተደበቀው ስህተት ነው።

ሳተላይት ክፍተቱን ይሞላል። አይመርግ የሚባለው የጂፒኤም የዝናብ ሳተላይቶች ተልዕኮ ውጤት በየ0.1 ዲግሪ እና በየ30 ደቂቃው ግምት ይሰጣል። ሳተላይትንና ጣቢያን የሚያዋህደው ቺርፕስ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየ0.05 ዲግሪው አለ፤ ሁለተኛው ስሪቱ ከ50 ዲግሪ ደቡብ እስከ 50 ዲግሪ ሰሜን ይሸፍናል። ኢአርኤ5 የሚባለው ሪአናሊሲስ (ያለፈውን የአየር ሁኔታ ከምልከታዎችና ከሞዴል ጋር አጣምሮ መልሶ የሚያሰላ መረጃ) ደግሞ ከ1940 ጀምሮ በየሰዓቱ፣ 31 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጥራት ይገኛል። በወረቀት ላይ ሲታይ ጣቢያውን የሚያስንቅ ሀብት ነው።

ለከባድ ዝናብ ሲሆን ግን ሦስቱም እንዳሉ ሊወሰዱ አይገባም። አንድ የሳተላይት ሳጥን (የመረጃው አንድ ካሬ) የሚሰጠው የብዙ ካሬ ኪሎ ሜትር አማካይ ነው፤ መለኪያው ግን የአንድ ነጥብ ነው። አጭርና ኃይለኛ የነጎድጓድ ዝናብ በአማካዩ ውስጥ ይሟሟል። ተራራ ሥር ከዝቅተኛ ደመና የሚወርድ ዝናብ ደግሞ ለሳተላይቱ ቀላል መስሎ ይታየዋል። ቺርፕስ በመሠረቱ የሚሠራው በ5 ቀን ድምር ነው፤ የየቀኑ ዋጋ ከዚያ ድምር ተከፋፍሎ የሚገኝ ነው። ለድርቅ ክትትል ድንቅ መሣሪያ ሆኖ ሳለ የ1 ቀን ከፍተኛ ዝናብ ልውሰድበት ማለት ያልተሠራበትን ሥራ መጠየቅ ነው። ኢአርኤ5ም ጠባብ የነጎድጓድ ዝናብን ያለሰልሳል።

ታዲያ ይጣሉ? አይደለም። ለቁጥሩ ጣቢያውን፣ ለቅርጹ ሳተላይቱን መጠቀም ነው የሚሻለው። ዝናቡ በየትኛው ወር እንደሚበረታ፣ የትኛው ተዳፋት ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል፣ ጣቢያ የሌለበት ሸለቆ ወደ የትኛው ቡድን እንደሚያዘነብል ለማየት ሳተላይቱ የሚተካ የለውም። ሚሊ ሜትሩን ግን ከመለኪያው እንውሰድ።

መዝገቡን ማጽዳት

ይህ ክፍል በሪፖርት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንቀጽ ነው የሚሰጠው፤ ሥራውን ግን ግማሽ ያህል ይበላል፣ መብላትም አለበት።

አንድ ምሳሌ። በአንድ ጣቢያ መዝገብ ላይ ሦስት ተከታታይ ቀን 0፣ 0፣ 0 ተጽፎ በአራተኛው ቀን 143 ሚሊ ሜትር ይታያል። የዓመቱ ከፍተኛ ነው፤ ምናልባት የጣቢያው ታሪክ ከፍተኛም ይሆናል። በእነዚያው አራት ቀናት የጎረቤት ጣቢያው መዝገብ ሲታይ ግን 36፣ 44፣ 27፣ 31 ይላል፤ ሲደመር 138። እዚህ ጋ የ143 ሚሊ ሜትር ዝናብ አልነበረም። የሚለካው ሰው ሦስት ቀን አልመጣም፤ የተጠራቀመውን በአራተኛው ቀን ለካ። ይህ አንድ ቁጥር ሳይታረም ቢገባ የዚያ ጣቢያ የ100 ዓመት ግምት ያለ ምክንያት ሽቅብ ይመዘዛል። ልክ እንደዚሁ 11.2 ሆኖ መጻፍ የነበረበት 112 ሆኖ ይገኛል፤ ያልተለካ ቀን በ0 ይሞላል፤ ዋናው የዝናብ ወር ሙሉ በሙሉ የጎደለበት ዓመት እንደ ሙሉ ዓመት ይቆጠራል። የመጨረሻው በተለይ ክፉ ነው፤ ከቀሩት ወራት የተወሰደው «የዓመት ከፍተኛ» 19 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተከታታዩ ውስጥ ይቀመጥና ስርጭቱን ከታች በኩል ይጎትተዋል። እንዲህ ያለውን ዓመት ማውጣት ይሻላል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ቁጥሩ ስለገነነ ብቻ «አውትላየር (ከሌሎቹ ተነጥሎ የወጣ ቁጥር) ነው» ብሎ መሰረዝ። በስታቲስቲክስ ፈተና የወደቀ ቁጥር ሁሉ ውሸት አይደለም፤ እኛ የምንፈልገው ራሱ ገናናውን ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ዴኒዝ የተባለው አውሎ ነፋስ በሬዩኒየን ደሴት ፎክ-ፎክ ላይ በ24 ሰዓት 1825 ሚሊ ሜትር አውርዷል፤ እስካሁን የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ያንን ቁጥር ያለ አውድ ያየ ሰው በመጀመሪያ እይታ የሚሰርዘው ነበር። መሰረዝ የሚፈቀደው ከጎረቤት ጣቢያ፣ ከመዝገብ ወረቀቱ ወይም ከዚያን ቀን የአየር ሁኔታ ማስረጃ ሲገኝ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሰዓት ጉዳይ ነው። የእጅ መለኪያ የሚነበበው በየቀኑ ጠዋት በተወሰነ ሰዓት ነው። ከንባቡ በፊት ጀምሮ ከንባቡ በኋላ የሚያበቃ ዝናብ ለሁለት ቀን ይከፈላል። ስለዚህ የ«1 ቀን» ከፍተኛ ዝናብ ከእውነተኛው የ24 ሰዓት ከፍተኛ ያንሳል። የአሜሪካው ሃይድሮሎጂ ባለሙያ ኸርሽፊልድ ያወጣው የማስተካከያ ብዜት 1.13 ነው፤ እስካሁን በሰፊው ይሠራበታል። 100 ሚሊ ሜትር የነበረው 113 ይሆናል። ስለ ስርጭት ዓይነት ገጽ ሙሉ የሚከራከር ሪፖርት ይህችን 13 በመቶ ዘልሏት ሲያልፍ ማየት ያሳዝናል።

የዓመት ከፍተኛ ወይስ ከወለል በላይ

የመጀመሪያው መንገድ ከእያንዳንዱ ዓመት አንድ ትልቁን ዝናብ ብቻ መውሰድ ነው። ቀላል ነው፣ ለማስረዳትም ለመፈተሽም አያስቸግርም። ዓመቱ ግን የቀን መቁጠሪያው ሳይሆን የሃይድሮሎጂ ዓመት ይሁን፤ ዋናው የዝናብ ወቅት መሐል ላይ እንዳይቆረጥ ከደረቁ ወራት ይጀመር። ችግሩ ብክነቱ ነው። በደረቅ ዓመት የዘነበ 22 ሚሊ ሜትር ይገባል፤ በእርጥብ ዓመት ሁለተኛ የወጣ 90 ሚሊ ሜትር ይጣላል።

ሁለተኛው መንገድ አንድ ወለል፣ ለምሳሌ 40 ሚሊ ሜትር፣ አስቀምጦ ከዚያ በላይ የሆነውን ሁሉ መሰብሰብ ነው። የሚገጥመው ስርጭት አጠቃላይ ፓሬቶ ይባላል፤ መሠረቱን በ1975 እ.ኤ.አ. የጣለው ፒካንድስ ነው። መዝገቡ አጭር ሲሆን፣ በተለይ ከ20 ዓመት በታች፣ ይህ መንገድ ያለውን መረጃ አሟጥጦ ይጠቀማል። ዋጋው ግን ሁለት ውሳኔ ነው። አንደኛ ወለሉ የት ይሁን? ዝቅ ካለ ተራ ዝናብ ይገባል፤ ከፍ ካለ ነጥብ ያልቃል። በዓመት በአማካይ 2 ወይም 3 ክስተት የሚያስቀር ወለል ጥሩ መነሻ ነው። ሁለተኛ ተከታታይ ቀናት የአንድ ዝናብ ልጆች ከሆኑ አንዱን ብቻ ማስቀረት ያስፈልጋል።

ለትልልቅ የመመለሻ ጊዜዎች ሁለቱ መንገዶች ይገናኛሉ። በዓመት ከፍተኛ የ2 ዓመት የሆነው በወለል አቆጣጠር የ1.44 ዓመት ነው፤ የ10 ዓመቱ ግን 9.49 ይሆናልና ልዩነቱ ከዚያ ወዲያ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ለከተማ ቦይ፣ የመመለሻ ጊዜው 2 ወይም 5 ዓመት ከሆነና መዝገቡ አጭር ከሆነ ከወለል በላይ ያለውን እመርጣለሁ። ለሌላው ሁሉ የዓመት ከፍተኛ ይበቃል።

ነጠላ ጣቢያ ወይስ አካባቢው በጋራ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

እንበል በአንድ ሜዳ ላይ 12 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ጣቢያዎች አሉ። ከፍታቸው አንድ ነው፣ ዝናባቸውም ከአንድ አቅጣጫ ይመጣል። እያንዳንዳቸው 30 ዓመት መዝግበዋል። አንዱ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ኃይለኛ የዝናብ ማዕበል በቀጥታ አርፎበታል፤ ሌላው አልደረሰበትም። ለየብቻ ሲተነተኑ የ100 ዓመቱ ዝናብ ለአንዱ 165፣ ለሌላው 105 ሚሊ ሜትር ሊወጣ ይችላል። ተፈጥሮ ግን በዚያ ሜዳ መሐል ግድግዳ አላቆመችም። ልዩነቱ የአየር ንብረት ሳይሆን የዕድል ነው፤ ማዕበሉ 12 ኪሎ ሜትር ወዲያ ቢያርፍ ቁጥሮቹ ይገለበጡ ነበር። ካርታ ላይ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አስቀምጦ በመሐላቸው የዝናብ መስመር መሳል ዕድልን እንደ መልክዓ ምድር ማቅረብ ነው።

የጋራ ትንተና መድኃኒቱ ቀላል ሐሳብ ነው። ዳልሪምፕል በ1960 እ.ኤ.አ. ለጎርፍ ያቀረበው የኢንዴክስ ዘዴ ይባላል። የእያንዳንዱ ጣቢያ የዓመት ከፍተኛ ዝናብ በራሱ አማካይ ይካፈላል። ከዚያ በኋላ የሁሉም ጣቢያ ቁጥሮች መለኪያ አልባ ይሆኑና በአንድ ቋት ይገባሉ፤ ከቋቱ አንድ የጋራ የእድገት ከርቭ (የየመመለሻ ጊዜው ዝናብ የአማካዩ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳይ መስመር) ይወጣል። የ100 ዓመቱ የእድገት ብዜት 2.3 ከሆነ፣ አማካዩ 62 ሚሊ ሜትር ለሆነ ጣቢያ የ100 ዓመቱ ዝናብ 143 ገደማ፣ አማካዩ 48 ለሆነው ደግሞ 110 ገደማ ይሆናል። ጣቢያው የራሱን አማካይ ይይዛል፤ ጭራውን (ብርቅ የሆኑትን ትልልቅ ዝናቦች የሚይዘውን የስርጭቱን ጫፍ) ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ይጋራል። አማካይ በ30 ዓመት በደህና ይታወቃል፤ የማይታወቀው ጭራው ነው።

ይህን ሐሳብ ሆስኪንግና ዋሊስ በኤል-ሞመንት (ገናና ቁጥር ብዙም በማያናውጠው የመረጃ ማጠቃለያ) ላይ ገንብተው በ1997 ሙሉ ሥርዓት አድርገውታል፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ይሄው ነው። የአሜሪካው የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር የዝናብ አትላስ 14ም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። አሠራሩ ሦስት ማጣሪያ አለው። የመጀመሪያው ከቡድኑ የወጣ ጣቢያን ይለያል፤ 15 እና ከዚያ በላይ ጣቢያ ባለበት ቡድን የልዩነት መለኪያው ከ3 በላይ የሆነ ጣቢያ ይመረመራል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የመዝገብ ስህተት ነው፤ ከላይ ያየነው 143 ዓይነት። ሁለተኛው ቡድኑ አንድ ዓይነት መሆኑን ይፈትሻል፤ ኤች የሚባለው ቁጥር ከ1 በታች ከሆነ ተቀባይነት አለው፣ ከ1 እስከ 2 ያጠራጥራል፣ ከ2 በላይ ከሆነ ቡድኑ ይከፈላል ወይም ይከለሳል። ሦስተኛው ለቡድኑ የሚገጥመውን ስርጭት ይጠቁማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ቡድኑ የሚመሠረተው በጣቢያው ባሕርይ ነው፤ በከፍታ፣ ከባሕር ባለው ርቀት፣ በዓመታዊ አማካይ ዝናብ፣ በዝናቡ ወቅት። በከባድ ዝናቡ ስታቲስቲክስ ቡድን መሥርቶ በዚያው ስታቲስቲክስ «አንድ ዓይነት ነው» ብሎ መፈተሽ ፈተናውንም መልሱንም ራስ ማውጣት ነው። ኤች ያለ ጥርጥር ያልፋል፤ ማለፉ ግን ምንም አያሳይም። ጣቢያዎቹ እርስ በርስ በጣም የተቀራረቡ ከሆነም ኤች ያለ አግባብ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሁሉም የሚመዘግቡት ያንኑ ማዕበል ነውና።

ቡድኑ ምን ያህል ይስፋ? የእንግሊዞቹ የጎርፍ ግምት መመሪያ የሚለው የአምስት እጥፍ ደንብ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ100 ዓመት ዝናብ 500 የጣቢያ-ዓመት። 17 ጣቢያ በ30 ዓመት 510 ይሰጣል። የተቀራረቡ ጣቢያዎች መረጃ ስለሚደራረብ ግን ቁጥሩን እንደ ወለል እንጂ እንደ ዋስትና አትውሰዱት።

ቋሚ ወሰን ያለው ቡድን ወይስ ለእያንዳንዱ ቦታ የራሱ ቡድን የሚለውም ምርጫ ነው። ቋሚው ለደንብ መጽሐፍና ለካርታ ይመቻል፤ ጉዳቱ ወሰኑ ላይ ቁጥሩ የሚዘል መሆኑ ነው። በርን በ1990 ያስተዋወቀው የተጽዕኖ ክልል ዘዴ ለእያንዳንዱ ቦታ የሚመስሉትን ጣቢያዎች መርጦ ያቧድናል፤ ዝላዩ ይጠፋል፣ ሥራው ግን ይበዛል፣ ውጤቱንም ለሌላ ሰው ደግሞ መሥራት ይከብዳል። ለአንድ ፕሮጀክት ሁለተኛውን፣ ለአገር አቀፍ ደንብ የመጀመሪያውን ነው የምመክረው።

ነጠላ ጣቢያ መቼ ይሻላል? መዝገቡ ከሚፈለገው የመመለሻ ጊዜ ቢያንስ ግማሽ ያህል ሲረዝም፣ ወይም ጣቢያው እውነት የተለየ ቦታ ላይ ሲሆን፤ ነፋስ በቀጥታ የሚመታው የተራራ ግንባር ላይ ያለ ጣቢያን ከጀርባው ሜዳ ጋር መቀላቀል ሁለቱንም ይጎዳል።

ጉምበል ወይስ ጂኢቪ

አሁን ወደ ታዋቂው ክርክር። ጉምበል ሁለት ፓራሜትር አለው፤ ጂኢቪ (አጠቃላይ የከፍተኛ ዋጋዎች ስርጭት) ሦስት። ሦስተኛው የጭራውን ውፍረት የሚወስነው የቅርጽ ፓራሜትር ነው፤ እሱ ዜሮ ሲሆን ጂኢቪ ጉምበልን ይሆናል። የቦታ ፓራሜትሩን 50፣ የስፋቱን 15 ሚሊ ሜትር አድርገን፣ ቅርጹን አንዴ 0፣ አንዴ 0.114 ብንወስድ የሚወጣው እንዲህ ነው፦

| የመመለሻ ጊዜ | ጉምበል | ጂኢቪ (0.114) |
|---|---|---|
| 10 ዓመት | 84 ሚ.ሜ | 88 ሚ.ሜ |
| 100 ዓመት | 119 ሚ.ሜ | 141 ሚ.ሜ |
| 1000 ዓመት | 154 ሚ.ሜ | 208 ሚ.ሜ |

በ10 ዓመት ልዩነቱ የመለኪያ ስህተት ያህል ነው። በ100 ዓመት ከልቨርቱ አንድ መጠን ያድጋል። በ1000 ዓመት ሁለት የተለያዩ ግድቦች ናቸው።

0.114 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ፓፓሌክሲዩና ኩትሶያኒስ በ2013 ከዓለም ዙሪያ ከ15 ሺህ በላይ የየቀን ዝናብ መዝገቦችን መርምረው ያገኙት አማካይ የቅርጽ ዋጋ ነው። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ የከባድ ዝናብ ጭራ በአብዛኛው ከጉምበል ይወፍራል፣ ጉምበልም በረጅም የመመለሻ ጊዜ ላይ ዝቅ አድርጎ ይገምታል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ጂኢቪ አይጠቀምም? ምክንያቱም በ30 ዓመት መዝገብ የቅርጽ ፓራሜትሩ ስህተት ራሱ ከ0.1 በላይ ይሆናል። የአንድ ጣቢያ መረጃ 0ን ከ0.114 መለየት አይችልም። ስርጭቱ ከመረጃው ጋር መግጠሙን የሚፈትሸው የኮልሞጎሮቭ-ስሚርኖቭ ፈተና ሁለቱንም ያሳልፋል፤ ለዚህ ነው አምስት ስርጭት ደርድሮ «የተሻለ የገጠመውን» መምረጥ ከሎተሪ ብዙም የማይሻለው። መዝገቡ ላይ የታየው መሐሉ ነው፤ የምንፈልገው ጭራው። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው የጋራ ትንተናው ነው፤ 500 የጣቢያ-ዓመት ላይ ቅርጹ መታየት ይጀምራል። ይህ ካልተቻለ ሦስተኛውን ፓራሜትር ከነጠላ ጣቢያ ከመገመት ከዓለም አቀፉ ልምድ አቅራቢያ ማሰር የተሻለ ነው።

ሎግ ፒርሰን 3 የሚባለው ሌላ ስርጭት የሚወደደው አሜሪካ ከ1967 ጀምሮ ለወንዝ ጎርፍ መደበኛ ስላደረገችው ነው። ለዝናብም በብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ የሎጉ ስኪው (ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ) አሉታዊ ሲሆን ግን ከላይ ጣሪያ ያበጃል፣ ለዝናብ ደግሞ ይህን ጣሪያ የሚያጸድቅ አካላዊ ምክንያት የለም።

ፓራሜትር መገመቻው ላይ አጭር ምክር፦ በትንሽ ናሙና ኤል-ሞመንት፣ በረጅም መዝገብ ወይም ተጨማሪ ተለዋዋጭ ሲገባ ማክሲመም ላይክሊሁድ (መረጃውን ይበልጥ ሊሆን የሚችል የሚያደርገውን ፓራሜትር የሚመርጥ ዘዴ)። ተራው የሞመንት ዘዴ በሦስተኛ ኃይል ስለሚሠራ አንድ ገናና ቁጥር ያናውጠዋል፤ ለሦስት ፓራሜትር ስርጭት ተዉት። ሶፍትዌር ላይ ደግሞ ምልክቱን እዩ። ሆስኪንግ የቅርጽ ፓራሜትሩን የሚጽፈው በተቃራኒ ምልክት ነው፤ በፓይተን የሳይፓይ ጂኢቪም እንዲሁ። በአንዱ ፕሮግራም +0.114 የሆነው በሌላው −0.114 ነው። ተሳስቶ የገባ ምልክት ወፍራሙን ጭራ ቆርጦ ጣሪያ ያበጅለታል፤ ቁጥሩም ከጉምበል እንኳ ያንሳል።

ከነጥብ ወደ ካርታ

ለእያንዳንዱ ቦታ የቅርቡን ጣቢያ ዋጋ የሚሰጠው ቲሰን ፖሊጎን ፈጣን ነው፤ ለተፋሰስ አማካይ ያገለግላል፣ ለካርታ ግን አያምርም፣ ተራራም አያውቅም። ቅርብ ጣቢያን ይበልጥ የሚያከብደው የርቀት ግልባጭ ዘዴ በየጣቢያው ዙሪያ ክብ ክብ ይሠራል። ጥቂት አስር ጣቢያ ካለና መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ከፍታን የሚያስገባ ክሪጊንግ (ጣቢያዎቹ በርቀት እንዴት እንደሚመሳሰሉ ለክቶ በመሐላቸው የሚገምት ዘዴ) ይሻላል፤ የስህተቱንም ካርታ ይሰጣል።

ከዘዴው በላይ የሚያሳስበኝ ምኑ ላይ እንደሚሠራ ነው። የየቀኑን ዝናብ መጀመሪያ ሳጥን በሳጥን አሰራጭቶ ከዚያ ከእያንዳንዱ ሳጥን ከፍተኛውን መውሰድ ትልቅ ስህተት ነው፤ ማሰራጨት ማለት ማለስለስ ነው፣ የተለሰለሰ ቀን ደግሞ ከፍተኛውን ይቀንሳል። ትክክሉ በጣቢያው ላይ ኢንዴክሱን፣ ማለትም የዓመት ከፍተኛ አማካዩን፣ አስልቶ እሱን ካርታ ላይ ማሰራጨት፣ ከዚያ በቡድኑ የእድገት ብዜት ማባዛት ነው። ኢንዴክሱ የረጋ ቁጥር ስለሆነ ማሰራጨትን ይችላል።

የወጣው ቁጥር የነጥብ ዝናብ መሆኑም አይረሳ። 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚሆን ተፋሰስ በአካባቢ ቅናሽ ብዜት (የነጥብን ዝናብ ወደ ሰፊ ቦታ አማካይ በሚያወርደው ቁጥር) መቀነስ አለበት። ብዜቱ ተፋሰሱ ሲሰፋና ዝናቡ ሲያጥር ይወርዳል። ከሌላ አየር ንብረት የተዋሰ ብዜት ሲሠራበት ቢያንስ መነሻው ይጻፍ።

ፒኤምፒ፦ ስታቲስቲክስ ወይስ ማዕበል

ለትልቅ ግድብ ሁለት መንገድ አለ። ኸርሽፊልድ በ1961 ከ2600 በላይ ጣቢያዎች ተነስቶ ያቀረበው ቀመር አማካዩ ላይ የስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን (የመበታተን መለኪያውን) 15 እጥፍ ይደምራል፤ በኋላ ራሱ ብዜቱ እንደ አማካዩና እንደ ዝናቡ ርዝማኔ ከ5 እስከ 20 እንደሚለያይ አሳይቷል። ርካሽ ነው፤ ለመጀመሪያ ግምትና ለትናንሽ ተፋሰሶች ይሆናል። ሁለተኛው ትክክለኛ ማዕበሎችን ወስዶ እርጥበታቸውን ወደሚቻለው ጣሪያ ከፍ ማድረግና ወደ ተፋሰሱ ማዛወር ነው። ውድ ነው፣ የሜትሮሎጂ ባለሙያም ይጠይቃል። የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ግድብ ከሆነ የመጀመሪያው ለማነጻጸሪያ እንጂ ለመጨረሻ ውሳኔ አይሁን።

አየር ንብረቱ ሲለወጥ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ያለፈው ወደፊትን ይመስላል ብሎ ያስባል። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘው የውሃ ትነት 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከባድ ዝናብም በአማካይ ወደዚያው መጠን ያዘነብላል፣ አጫጭሩ በአንዳንድ ቦታ ከዚያም ያልፋል።

አማራጮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ፓራሜትሮቹ ከጊዜ ጋር እንዲለወጡ አድርጎ ስርጭቱን መግጠም፤ ሁለተኛው በቋሚ ስርጭት አስልቶ በመጨረሻው ቁጥር ላይ የለውጥ ብዜት መጨመር። የመጀመሪያው ያምራል፤ ነገር ግን ከ30 ዓመት መዝገብ የተሰላ አዝማሚያን ወደ 2080 መሳብ ከነጠላ ጣቢያ ጭራ መገመት የባሰ ቁማር ነው። ብዙ ጊዜ የታየው «አዝማሚያ» መለኪያው ሲዛወር ወይም ዛፍ ሲበቅልበት የተፈጠረ ነው። አዝማሚያ የሚፈለግ ከሆነ በቡድን ደረጃ ይፈለግ፤ 17 ጣቢያ አብረው ሲወጡ ነገሩ መለኪያው ላይ አይደለም። ለአብዛኛው ዲዛይን ሁለተኛው ይበቃል፦ በግንባታው ዕድሜ ለሚጠበቀው ሙቀት በየዲግሪው 7 በመቶ፣ ለጥቂት ሰዓት ዝናብ ትንሽ ከፍ አድርጎ። የተጨመረው ብዜትና ያለ እሱ የወጣው ቁጥር በሰንጠረዡ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ በኋላ የሚከልሰው ሰው የትኛው ከመዝገብ፣ የትኛው ከግምት እንደመጣ እንዲለይ።